ውሻና ድመት፣ ጠባይ፣ ጾታና ደህንነት፦ ለድሬና ለሐረር የሚሆን መጠይቅ እንዴት ይዘጋጅ?

ከዚራ ጥላ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋና ሐረር ላይ ውሻ ወይም ድመት በሚያሳድጉና በማያሳድጉ ሰዎች መካከል የጠባይና የአእምሮ ደህንነት ልዩነት አለ ወይ፣ ካለስ ለወንድና ለሴት አንድ ነው ወይ በሚል የማስተርስ ጥናት እያዘጋጀሁ ነው። ረቂቅ መጠይቁ «የቤት እንስሳ አለዎት?» ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ ስለ እንስሳው 12 ጥያቄ አለ፣ ከዚያ 10 ጥያቄ ያለው አጭሩ የስብዕና መለኪያ ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ባለ 5 ጥያቄ የደህንነት መለኪያ ይከተላል። ናሙናው 200 ሰው ነው፤ 100 እንስሳ ያለው፣ 100 የሌለው፣ ከሁለቱ ከተሞች እኩል። መረጃው የሚሰበሰበው ቤት ለቤት፣ ፊት ለፊት ነው።

የውጭ ጥናቶቹን ሳነብ አንዱ ውሻ ያለው ሰው ዕድሜው ይረዝማል ይላል፣ ሌላው ምንም ለውጥ የለም ይላል፣ አንዱ ጭራሽ እንስሳ ያላቸው ይበልጥ ይጨነቃሉ ይላል። መስክ ከመውጣቴ በፊት የሚበላሸው ቦታ የት የት እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ሦስት ነገር በተለይ፦ «ባለቤት» ብዬ የምይዘው ማንን ነው? ጾታን እንዴት ላካትት? 200 ሰው ይበቃል?

ቀመር

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ባሰብሽው መንገድ 200 አይበቃም።

በዚህ ርዕስ የሚገኙ ልዩነቶች፣ ሲገኙም፣ ትንንሽ ናቸው። 100 ለ100 ስታነጻጽሪ በ80 በመቶ ዕድል የምትይዢው ልዩነት የስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን (መልሶቹ ከአማካዩ የሚርቁበትን መጠን) 0.4 ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ብቻ ነው። 0.2 የሚያህለውን ለመያዝ በየቡድኑ 394 ሰው ያስፈልጋል። ይህም ሰዎቹ አንድ በአንድ ከከተማው ሁሉ በዕጣ ከወጡ ነው። አንቺ ግን ቀበሌ መርጠሽ በየቀበሌው ቤት ልታንኳኪ ነው፤ የአንድ ሰፈር ሰው ደግሞ ኑሮውም መልሱም ይቀራረባል። በየቀበሌው 15 ቤት ብትወስጂና መቀራረቡ 0.05 ብቻ ቢሆን እንኳ ናሙናው በ1.7 ይባዛል (1 ሲደመር 14 ሲባዛ በ0.05)። 394ቱ 670 ሆነ ማለት ነው፤ ለአንድ ቡድን። «ልዩነቱ ለወንድና ለሴት አንድ ነው ወይ» የሚለው ከዚህም ይብሳል፤ የጾታው ልዩነት ከዋናው ልዩነት ጋር እኩል ቢሆን እንኳ ናሙናው 4 እጥፍ መሆን አለበት። ለማስተርስ ጥናት ይህ የሚሞከር አይደለም።

ስለዚህ ጥያቄውን ቀይሪው፤ 200 ሰውሽን ሌላ ቦታ አውያቸው። እንስሳ የሌለውን ቡድን ሙሉ በሙሉ ተይው። 100 ቤት ምረጪ፣ ሁሉም ውሻ ወይም ድመት ያለበት፤ ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ለአቅመ አዳም የደረሰ ወንድና አንዲት ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ሴት፣ ከ18 ዓመት በላይ፣ ጠይቂ። አሁን 100 ጥንድ አለሽ። ጥንዶቹ አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው፤ ገቢያቸው፣ ግቢያቸው፣ ሰፈራቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሃይማኖታቸውም አንድ ነው። እንስሳውም ያው አንዱ ነው። የሚለያቸው ከእንስሳው ጋር ያላቸው ድርሻ ነው። 100 ጥንድ ሲነጻጸር 0.28 የሚያህል ልዩነት ይያዛል፤ እጅግ የተሻለ ነው። ጥያቄው «እንስሳ ያለው ማን ነው?» መሆኑ ቀርቶ «እንስሳውን የሚንከባከበው ማን ነው፣ ይህስ ከደህንነቱ ጋር ምን አለው?» ይሆናል። በእኔ እምነት ለድሬም ለሐረርም የሚጠቅመው ይኸኛው ነው።

አንድ ወጥመድ ግን አለው። ከ100 ቤት በ90ው የምታበላዋ ሴቷ ከሆነች ጾታና እንክብካቤ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ የትኛው ምን እንዳመጣ ምንም ዓይነት ስሌት አይለይልሽም። መፍትሔው በር ላይ ማጣራት ነው። «ትናንት ለእንስሳው ምግብ የሰጠው ማን ነው?» ብለሽ ጀምሪና ወንዱ ዋና ተንከባካቢ የሆነበት ቤት ቢያንስ 35 እስኪሞላ ድረስ ሌላውን ዓይነት ቤት 65 ላይ አቁሚ። ወንድ የሚንከባከበው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ውሻ ሆኖ ልታገኚው ስለምትችዪ የእንስሳውን ዓይነትም በየቤቱ መዝግቢ፤ ስሌቱም ላይ አስገቢው።

ሁለቱን በአንድ ሰዓት፣ በተለያየ ክፍል፣ በሁለት ጠያቂ ጠይቁ፤ ሴቷን ሴት ትጠይቃት። አንዱ ሌላውን እየሰማ ከመለሰ ጥንዱ ጥንድ መሆኑ ቀርቶ አንድ መልስ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ይሆናል።

ስለ ስብዕና መለኪያው። በ10 ጥያቄ 5 ዘርፍ ማለት ለእያንዳንዱ ዘርፍ 2 ጥያቄ ነው፤ አንዱ ቀጥተኛ፣ አንዱ የተገለበጠ። ፊት ለፊት ሲጠየቅ ሰው ለእንግዳ «አይ» ማለት ስለሚከብደው «ተግባቢ ነኝ» ለሚለውም «ዝምተኛ ነኝ» ለሚለውም «አዎ» ይላል፤ ሁለቱ ተጣፍተው ዜሮ ይሆናሉ። በ23 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች የተሰበሰቡ የቤት ለቤት መረጃዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ሲመረመሩ የታየው ይኸው ነው፤ አምስቱ ዘርፎች በሚገባ አልተለዩም፤ አንዱ ትልቅ ምክንያትም ይህ አዎ ባይነት ነበር። እኔ ብሆን አምስቱንም ትቼ ሁለቱን ብቻ እይዛለሁ፤ ተግባቢነትንና ጭንቀታምነትን። ከረጅሙ ባለ 44 ጥያቄ መለኪያ የእነዚህን የሁለቱን ጥያቄዎች ሙሉ ለሙሉ ውሰጂ፤ ለእያንዳንዳቸው 8 ነው። ከዚያ የተገለበጡትን ጥያቄዎች ከመገልበጥሽ በፊት ተቃራኒ ከሆኑት ጋር አጣምረሽ የእያንዳንዱን ሰው አማካይ አስዪ፤ ያ የአዎ ባይነቱ መጠን ነው፤ ከመልሶቹ ላይ ቀንሺው።

ስለ «ውሻ ሰው» እና «ድመት ሰው» ጠባይ የተሠራውን የ2010 እ.ኤ.አ. ጥናት ስትጠቅሺ ጥንቃቄ አድርጊ። 4,565 ሰዎች የተጠየቁት «የውሻ ሰው ነህ ወይስ የድመት ሰው?» ተብለው ነው እንጂ ግቢያቸው ውስጥ ምን እንዳለ አይደለም። ራሳቸውን የውሻ ሰው ያሉት ይበልጥ ተግባቢ፣ ተስማሚና ጥንቁቅ፤ የድመት ሰው ያሉት ይበልጥ ጭንቀታምና ለአዲስ ሐሳብ ክፍት ሆነው ተገኙ፤ የጾታ ተጽዕኖ በስሌት ሲወገድም ልዩነቱ አልጠፋም። ሌባ ፈርቶ ውሻ ያሰረ የድሬ፣ የሳቢያን ሰፈር ነዋሪ ግን «የውሻ ሰው» አይደለም፤ ያንን ውጤት እሱ ላይ መለጠፍ አይቻልም።

ጁገል ውስጥ

ቀመር ያለው ልክ ነው፤ «ማን ይንከባከባል» የሚለው ግን እዚህ አካባቢ በአንድ ጥያቄ አይያዝም።

ድሬ፣ ሳቢያንና ከዚራ ያሉ ትልልቅ ግቢዎችን አስቢ። ውሻውን የገዛው አባወራው ነው፣ ክትባቱን የሚከፍለው እሱ ነው፣ ሲጠየቅ «ውሻው የኔ ነው» የሚለውም እሱ ነው። ምግብ የምትሰጠው ግን የቤት ሠራተኛዋ ናት፣ ሌሊት አብሮት የሚያድረው ዘበኛው ነው። ውሻው በር ሲከፈት ጭራውን እየቆላ የሚሄደው ወደ ዘበኛው ነው። ከእንስሳ ጋር ያለ ቁርኝት ደህንነትን ይለውጣል ካልን የዚህን ቤት መልስ የያዘው መጠይቁ የማይደርስበት ሰው ነው። ስለዚህ የቤቱ አባላት ዝርዝር ውስጥ ዘበኛና ሠራተኛ ይግቡ፤ ዋና ተንከባካቢ ሆነው ከተገኙ እነሱ ይጠየቁ። አሠሪው ባለበት ክፍል ግን አይጠየቁ። ከቤተሰቡ ጋር ገቢያቸው አንድ ስላልሆነም እንዲህ ያለውን ጥንድ ምልክት አድርገሽበት ለብቻው አስዪው።

ጁገል፣ በግንብ በተከበበው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነው። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ናቸው፣ በአንድ ግቢ ብዙ ቤተሰብ አለ፣ ድመቷ የሁሉም ናት። ጠዋት እዚህ ትበላለች፣ ቀን እዚያ ትተኛለች፣ የወለደችበት ቤት ሦስተኛ ነው። «ድመት አለዎት?» ስትዪ አራቱም ቤት «የለንም» ወይም አራቱም «አለን» ሊል ይችላል። «ባለፉት 7 ቀናት ምግብ የሰጣችኋት፣ ቤታችሁ የምትገባ ድመት አለች?» በዪ። እንስሳቱንም በስም ዘርዝሪ፤ ውሻ፣ ድመት፣ ርግብ፣ ጥንቸል እያልሽ። «የቤት እንስሳ» ብቻ ካልሽ ፍየልና ዶሮ ያለው ሁሉ «አለኝ» ይላል።

የእንክብካቤውን ድርሻ በአራት ክፈይው፦ ያበላው ማን ነው፣ ያጸዳው ማን ነው፣ ሐኪም ጋ የወሰደው ወይም የከፈለው ማን ነው፣ አብሮት የተጫወተው ወይም ያሻሸው ማን ነው። «ብዙ ጊዜ ማን ነው?» አትበዪ፤ ሰው የሚመልሰው መሆን ያለበትን ነው። «ከትናንት ጠዋት እስከ ዛሬ ጠዋት» በዪ፤ ለሐኪሙ ብቻ 12 ወር ስጪ። ማብላትና ማጽዳት ሥራ ነው፣ ማሻሸትና መጫወት ግን ሌላ። እናት ካላት ሥራ ላይ ሦስተኛና አራተኛ ሥራ ተጨምሮባት፣ ልጅየው ደግሞ ማታ መጥቶ ድመቷን ጭኑ ላይ የሚያስቀምጣት ከሆነ የሁለቱ ውጤት በተቃራኒ መንገድ ቢሄድ አይገርምም። የጾታው ጉዳይ ያለው እዚህ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ሴቶች ከእንስሳ ጋር ያላቸው ቁርኝት ከወንዶች በጥቂቱ ከፍ እንደሚል፣ መደራረቡ ግን በጣም ብዙ እንደሆነ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የጥናቶች ግምገማ ያሳያል። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ጫፎቹ ላይ ነው፦ ከአቅም በላይ እንስሳ የሚያከማቹት በብዛት ሴቶች፣ እንስሳ የሚያሠቃዩት በብዛት ወንዶች ናቸው። መሐል ላይ ያለው ሰው ግን ሥራው በማን እጅ እንዳለ ካልተጠየቀ ስለ ጾታ የሚነግርሽ ነገር ጥቂት ነው።

ሃይማኖትን ሳታስገቢ አትቅሪ። ሐረር ውስጥ በሚሠራበት የሻፊዒ መዝሀብ (የእስልምና የሕግ ፈለግ) የውሻ ምራቅ ነጃሳ (ርኩስ) ነው፤ የነካው ዕቃ 7 ጊዜ፣ አንዱ በአፈር፣ ይታጠባል። ለጥበቃ ውሻ መያዝ ይፈቀዳል፤ ቤት ማስገባት ግን የተለመደ አይደለም። ድመት ንጹሕ ናት፣ ምንጣፍ ላይ ትተኛለች። በኦርቶዶክሱም ቤት ውሻ የግቢ እንጂ የሳሎን አይደለም። ስለዚህ «ውሻው አልጋህ ላይ ይተኛል?» የሚሉ ጥያቄዎች ያሉበትን የውጭ የቁርኝት መለኪያ እንዳለ ከተረጎምሽ የሚለካልሽ ፍቅርን ሳይሆን ሃይማኖትን ነው።

ሌላው ጅቡ ነው። ሐረር ማታ ጅብ በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ ቆሻሻ ያጸዳል፤ ከግንቡ ውጭ ጅብ የሚያበሉ ሰዎች ለየጅቡ ስም አውጥተው በስሙ ይጠሩታል። ጅብ ውሻ ይበላል፤ ሐረር ላይ ውሻ ያለው ሰው ሌሊት ውሻው ሲጮኽ የሚሰማው ድሬ ላይ ካለው ጋር አንድ አይደለም። ሁለቱን ከተሞች ደባልቀሽ አትተንትኚ፤ ወይ አንዱን ምረጪ።

የግቢ ሐኪም

መጠይቁ ስለ ሰውየው ሁሉን ይጠይቃል፣ ስለ እንስሳው ሁኔታ አንድም መስመር የለውም። ቀኑን ሙሉ በ1 ሜትር ሰንሰለት የታሰረ፣ የጎድን አጥንቱ ከሩቅ የሚቆጠር ውሻና ከልጆች ጋር ግቢውን የሚዞር ውሻ በመዝገብሽ ላይ ሁለቱም «ውሻ፣ 1» ናቸው። ጠያቂዎቹ በዓይን አይተው የሚሞሉት ግማሽ ገጽ አዘጋጂ፦ ታስሯል ወይስ ተፈትቷል፣ የሰንሰለቱ ርዝመት በግምት፣ ከቀትር በኋላ ጥላ ያገኛል ወይ፣ በሳህኑ ውስጥ አሁን ውሃ አለ ወይ፣ የጎድን አጥንቱ ይታያል ወይ፣ ቁስል አለው ወይ። የክትባት ካርዱን ደግሞ «አሳዩኝ» በሉ፤ «ተከትቧል» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። ድሬ ላይ ውሃው ዋና ነገር ነው፤ 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን 1 ሊትር ያህል ይፈልጋል፣ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ከዚያ በላይ። በ9 ሰዓት ፀሐይ ባዶ ሳህን ማየት ስለ ቁርኝቱ ከ5 ጥያቄ የበለጠ ይናገራል።

ይህ ከሰው ደህንነት ጋር የሚገናኘው በሥጋት በኩል ነው። ልጆች ባሉበት ግቢ ያልተከተበ ውሻ ካለ ከውሻው የሚገኘው ደስታና ከእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው ፍርሃት አብረው ነው ያሉት። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚያዙ ሰዎች እስከ 99 በመቶው የሚያዙት ከውሻ ነው። የመጀመሪያው ክትባት በ3 ወሩ ነው፤ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። የትል መድኃኒት በየ3 ወሩ ይሰጠው። ጥሬ ሳንባና ጉበት አይጣልለት፤ ውሃ የቋጠረው የሆድ ዕቃ ውስጥ ያለው ትል ውሻው ጋ አድጎ ዕንቁላሉ ወደ ልጆች እጅ ይመለሳል። ስለዚህ «ባለፉት 12 ወራት ውሻው ሰው ነክሷል ወይ?» እና «ክትባቱ መቼ አለቀ?» የሚሉት ይጨመሩ።

ለሴቶቹ ደግሞ አንድ ጥያቄ ካላስገባሽ ስሌትሽ ይዛነፋል፦ «ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ድመት ሰጥታችሁ ወይም አባርራችሁ ታውቃላችሁ?» ቶክሶፕላዝማ የሚባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ፈርቶ ድመት ከቤት ማስወጣት አለ። ይህንን ካልለየሽ ድመት አታሳድግም ያልሻት ሴት ድመት የማትወድ ሳትሆን ነፍሰ ጡር የነበረች ልትሆን ትችላለች። ለነገሩ ማባረር አያስፈልግም። በድመቷ ሰገራ የሚወጣው ዕንቁላል በሽታ ማስተላለፍ የሚችለው ከ1 እስከ 5 ቀን ከቆየ በኋላ ስለሆነ ሰገራው በየቀኑ በሌላ ሰው ከተጠረገና እጅ ከታጠበ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ጥሬ ሥጋ ሌላው መንገድ ነው፤ ድመቷን አስወጥቶ ጥሬ ሥጋ መብላት ጥበቃ አይሆንም።

ጠያቂዎቹ ስለ ምግብ መጠየቃቸው አይቀርምና አንድ ነገር ይወቁ። የወጥ ትራፊ ሽንኩርት አለው፤ ሽንኩርት ቀይ የደም ሴልን ይሰብራል። ለድመት በኪሎ 5 ግራም ይጎዳታል፤ 3 ኪሎ ለምትመዝን ድመት 15 ግራም፣ የአንዲት ትንሽ ሽንኩርት ሩብ ማለት ነው። መቀቀሉ መርዙን አያጠፋውም። ድዷ ነጥቶ ሽንቷ ከቀላ ሐኪም ጋ ትወሰድ። እንጀራ ብቻዋን ደግሞ አታኖራትም፤ ሥጋ ወይም ዓሣ ያስፈልጋታል።

የጠያቂዎችሽን ነገር አደራ። ውሻው ሳይታሰር ግቢ አይግቡ፣ ቢመጣባቸውም አይሩጡ። እያንዳንዳቸው ቦርሳ ውስጥ ሳሙናና ውሃ ይኑር። ከተነከሱ ወይም ከተቧጨሩ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ሙሉ 15 ደቂቃ ይጠቡ፤ ቡናም ሆነ ሌላ ነገር አይነስንሱበት፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። ውሻው አይገደል፤ ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ። ውሻው እየታየ ነው ተብሎ ግን የሰውየው ሕክምና አይዘግይ።

ከዚራ ጥላ

ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጥንዱን ሐሳብ ይዣለሁ፤ ድሬዳዋን ብቻ እይዛለሁ። አሁን የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ አማካሪዬ እንስሳ ከሌላቸው ጋር ማነጻጸሩ እንዲቀር አልፈለጉም፤ የውጭ ጥናቶቹ ሁሉ የሚያነጻጽሩት እንዲያ ነው ብለውኛል። ምን ልመልስላቸው? ሁለተኛ፣ ከባለ 5 ጥያቄው ጋር ባለ 9 ጥያቄውን የድባቴ መለኪያ መጨመር አስቤያለሁ።

የአእምሮ ጤና ነርስ

ለአማካሪሽ የሚሆነው መልስ ከራሳቸው ከውጭ ጥናቶቹ ውስጥ ነው ያለው፤ አራቱን ጎን ለጎን አቅርቢላቸው።

የመጀመሪያው የ1980 እ.ኤ.አ. ነው። በልብ ሕመም ሆስፒታል ገብተው ከወጡ 92 ሰዎች ውስጥ እንስሳ ከነበራቸው 53ቱ 3 ሞቱ፣ ከሌላቸው 39ኙ ደግሞ 11። ከዚያ ወዲህ ያለው ተስፋ ሁሉ የተነሣው ከዚህ ነው፤ ቁጥሩ ግን ትንሽ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ ከ40 እስከ 80 ዓመት የሆናቸው ከ3.4 ሚሊዮን በላይ ሰዎች 12 ዓመት ያህል ተከታትለው ታዩ፤ ብቻቸውን ከሚኖሩት መካከል ውሻ ያላቸው የመሞት ዕድላቸው በ33 በመቶ ያነሰ ነበር፣ ከቤተሰብ ጋር ከሚኖሩት መካከል ግን በ11 በመቶ ብቻ። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ ከ5,000 በላይ ቤተሰቦች ላይ በተሠራው ጥናት ውሻ ወይም ድመት ያለባቸው ቤቶች ልጆች ጤናቸው የተሻለ መስሎ ታየ፤ ገቢና የቤት ይዞታን የመሳሰሉት ሲስተካከሉ ልዩነቱ ጠፋ። የ2005 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያ ጥናት ደግሞ ከ60 እስከ 64 ዓመት የሆናቸውን 2,551 ሰዎች ይዞ እንስሳ ያላቸው የድብርት ምልክታቸው ከፍ ብሎ አገኘ።

ግጭት የሚመስለው ግጭት አይደለም። ማን እንስሳ እንደሚይዝ የሚወስነው ነገር ደህንነቱንም ይወስነዋል። ድሬ ላይ ውሻ ያለው ግቢ ያለው ነው፣ ግቢ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ያለው ነው። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ያለ ወይም አከራዩ «እንስሳ አይገባም» ያለው ተከራይ ውሻ የለውም፤ ደህንነቱ ዝቅ ቢል ምክንያቱ ኪራዩ ሊሆን ይችላል። የታመመ ሰው ደግሞ ውሻ መያዝ አይችልም፣ ስለዚህ ጤነኞቹ ወደ አንዱ ወገን ይሰበሰባሉ። ብቸኝነት የተሰማው ሰው ድመት ያስገባል፣ ስለዚህ ያዘኑት ወደ ሌላው። አንድ ጊዜ ብቻ በሚደረግ ጥናት ይህንን መፍታት አይቻልም። የጥንዱ አሠራር ግቢውን፣ ኪራዩንና ሰፈሩን በአንድ ጊዜ ያስወግድልሻል። ከዚህ ሁሉ በኋላ አማካሪሽ አልቀበልም ካሉ ግን የሌላቸውን በአንድ ላይ አትጠርንፊያቸው፤ ኖሮት የማያውቅ፣ ኖሮት የሞተበት ወይም የሰጠ፣ ፈልጎ ያልተፈቀደለት ብለሽ ለዪአቸው። ውሻው ባለፈው ወር የሞተበት ሰው እንስሳ ከማይፈልገው ጋር ተቀላቅሎ አማካዩን ያወርደዋል።

የስዊድኑን ውጤት ወደዚህ ስታመጪ ብቻውን የሚኖረው ሰው ላይ መጉላቱን አስተውዪ። እዚህ ብቻውን የሚኖር ሰው ጥቂት ነው፤ ቡናው፣ ዕድሩ፣ ጎረቤቱ አለ። ስለዚህ «ትናንት ከስንት ሰው ጋር ተቀምጠሽ ቡና ጠጣሽ?» የሚል ጥያቄ አስገቢ። ውሻ ማንሸራሸርም እዚህ በፍጹም የስዊድኑን አይመስልም፤ «ከውሻው ጋር ትናንት ከግቢ ውጭ ስንት ደቂቃ ቆየህ?» ብለሽ ጠይቂ፤ አብዛኛው መልስ ዜሮ ሊሆን ይችላል፤ ዜሮም መልስ ነው።

የቃለ መጠይቁ ሰዓት እጅግ ወሳኝ ነው። የደህንነት መለኪያው ስለ ያለፉት 2 ሳምንታት ይጠይቃል፤ ሰው የሚመልሰው ግን አሁን ባለበት ስሜት ተመርቶ ነው። ከቀትር በኋላ በርጫ ላይ የተቀመጠን ሰው በምርቃና ሰዓት ብትጠይቂው ሁሉም መልካም ነው፤ ማታ ምርቃናው ሲወርድ ብትጠይቂው ሁሉም ጨለማ ነው። በርጫ ላይ የሚቀመጡት ደግሞ በብዛት ወንዶች ስለሆኑ የሰዓቱ ስሕተት የጾታ ልዩነት መስሎ ይወጣል። ሁሉንም ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት ጨርሱ፤ ወንዶቹ ሥራ ስለሚወጡ ቅዳሜና እሑድ ያዙ፤ ጫት በመጨረሻ የተቃመው መቼ እንደሆነ በሰዓት መዝግቡ። በረመዳን አትውጡ፤ እንቅልፉም ምግቡም ስለሚቀየር።

ባለ 9 ጥያቄውን በተመለከተ፣ የአማርኛው ቅጂ ኢትዮጵያ ውስጥ ተፈትሿል፣ ጥሩ መለኪያ ነው። 9ኛው ጥያቄ ግን ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ነው። ከጠየቅሽ መልሱን ይዘሽ ዝም ማለት አትችዪም፤ «አዎ» ያለን ሰው በዚያው ቀን የሚቀበል ባለሙያ አስቀድመሽ ማመቻቸት አለብሽ፣ ጠያቂዎቹም ምን ብለው እንደሚያናግሩት መሠልጠን አለባቸው። ይህን ማድረግ ካልቻልሽ ባለ 5ቱን ብቻ ያዢ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ነው፣ ድምሩ እስከ 25፣ በ4 ይባዛል። 50 እና ከዚያ በታች ያመጣውን ሰው በጨዋነት ጤና ጣቢያ እንዲታይ ምከሩት።

ቀመር

ነርሷ ባለችው ላይ ሁለት ነገር ልጨምርና ላብቃ።

የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል ገልብጪው። ስለ ድመቷ 12 ጥያቄ ፈገግ እያለ ከመለሰ በኋላ «ባለፉት 2 ሳምንታት ደስተኛ ነበርክ?» የሚባል ሰው የሚመልሰው ስለ ድመቷ ነው። ደህንነት መጀመሪያ፣ ቀጥሎ ጠባይ፣ ከዚያ እንስሳው፣ ገቢና ሃይማኖት መጨረሻ። በር ላይ ስታጣሪ ግን ስለ እንስሳው መጠየቅሽ ስለማይቀር ማጣሪያውን አንድ የቤቱ ሰው ብቻ ይመልስ፤ በማጣሪያና በቃለ መጠይቁ መካከልም ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር።

ዋናው ሥራ ከመጀመሩ በፊት በናሙናው ውስጥ የማይገቡ 10 ቤቶች ላይ ሞክሪው። «ጁገል ውስጥ» የተባሉት ጸሐፊ ያነሷቸውን አራቱን የእንክብካቤ ጥያቄዎች ከወንዱና ከሴቷ ለየብቻ ስትሰበስቢ መልሶቹን ጎን ለጎን አድርጊ። «ትናንት ያበላሁት እኔ ነኝ» ብለው ሁለቱም የመለሱበት ቤት ከ10ሩ ከ3 በላይ ከሆነ ጥያቄው አልሠራም፤ ያን ጊዜ «ስንት ሰዓት ላይ? ምን ሰጠኸው?» የሚል ጨምሪበት። ያላበላው ሰው ሰዓቱን ይገምታል፣ የሰጠውን ምግብ ግን መናገር ይቸግረዋል።